የአክሱም ሳንቲም በአንጥረኛ ዓይን

2.7 ግራም ወርቅ ሚዛኔ ላይ ቢቀመጥ አንዲት ቀጭን የሴት ቀለበት ቢወጣው ነው። ከ1,700 ዓመታት በፊት እንዱቢስ የተባለ የአክሱም ንጉሥ በዚያችው ልክ ወርቅ ላይ ፊቱን አስቀረጸ፤ ዙሪያውን ስሙንና የአክሱማውያን ንጉሥ መሆኑን በግሪክ ፊደል አስጻፈ፤ ከራሱ በላይ ጨረቃና ክብ፣ ከግራና ከቀኙ የእህል ዛላ አኖረበት። ከሰሐራ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ በገዛ ስሙ ሳንቲም ያሳተመ የመጀመሪያው ንጉሥ እሱ ነው።

እኔ ቡኢ ከተማ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ የወርቅና የብር ጌጥ እየሠራሁ የምኖር ሰው ነኝ። ሙያውን የቀሰምኩት አዲስ አበባ ፒያሳ ነው። ያስተማሩኝ ሽማግሌ ሥራ በቀዘቀዘ ቀን «ተነሥ፣ አምስት ኪሎ ሂድና የጥንቶቹን እጅ አይተህ ና» እያሉ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ይልኩኝ ነበር። ሌላው ጎብኚ ድንቅነሽን ለማየት ሲወርድ እኔ የአክሱም ሳንቲሞች ከተደረደሩበት መስታወት ፊት እገተራለሁ። ታሪክ አዋቂ በእነሱ ላይ የሚፈልገው የንጉሥ ስም ነው። እኔን የያዘኝ የሠራተኛው እጅ ነበር፤ ያን ፊት በብረት ላይ ገልብጦ የቀረጸው፣ ወርቁን ያነጠረው፣ መዶሻውን የሰነዘረው ሰው እጅ። ከዚያ ወዲህ ስለነዚህ ሳንቲሞች ተጽፎ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ ያነበብኩትንም በሙያዬ እመዝነዋለሁ።

አክሱም ሲባል አብዛኛው ሰው ሐውልት ያያል። ሐውልቱ ግን በላዩ ስም የለበትም። የወደቀው ታላቁ ሐውልት 33 ሜትር ይረዝማል፣ ክብደቱ ከ500 ቶን ይበልጣል፣ ሆኖም ያቆመው ንጉሥ እገሌ ነው የሚል አንድ ፊደል አልተጻፈበትም። ከእንዱቢስ ጀምሮ እስከ አርማህ ድረስ የነገሡትን ሰዎች በስም የምናውቃቸው በአብዛኛው ከሳንቲሞቻቸው ነው። ኢዛናንና ካሌብን የመሳሰሉ ጥቂቶች በድንጋይ ላይ ያስጻፉት ጽሑፍ ተርፎላቸዋል። ኢዮን፣ ኤባና፣ ነዞል፣ መሐድይስ፣ ዋዘና፣ ሐታዝ የሚባሉት ነገሥታት ግን ሳንቲማቸው ባይገኝ ኖሮ መኖራቸውን እንኳ የሚያውቅ አይኖርም ነበር። በየገዳማቱ የተጻፉት የነገሥታት ዝርዝሮችም ከሳንቲሞቹ ስሞች ጋር እምብዛም አይገጥሙም።

አክሱም የራሷን ሳንቲም ከማሳተሟ ከሁለት መቶ ዓመት በፊትም ገንዘብ ታውቅ ነበር። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ከግብጽ የተነሣ ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ የቀይ ባሕርንና የሕንድ ውቅያኖስን ወደቦች እየዘረዘረ የጻፈው «ፔሪፕለስ» የሚባል መጽሐፍ አለ። በዚያ ላይ አዱሊስ ትገኛለች፤ ከምጽዋ በስተደቡብ፣ በዙላ ባሕረ ሰላጤ ያለችው ወደብ። ከአዱሊስ ቆሎኤ እስከምትባል የመሃል አገር ከተማ 3 ቀን፣ ከዚያ እስከ አክሱም ሌላ 5 ቀን መንገድ ነው ይላል። የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የኤሊ ቅርፊት ይወጣል፤ ልብስ፣ ብርጭቆ፣ መጥረቢያ፣ ወይን ጠጅና ዘይት ይገባል። ዞስካሌስ የሚባለው ገዥ ገንዘብ ወዳድ እንደሆነና ግሪክኛ እንደተማረም ያነሣል።

እኔን የሳበኝ ግን ስለ ናስ የጻፈው ነው። የአገሩ ሰዎች ናስ ከውጭ ያስገባሉ፤ ለጌጥ ይሠሩበታል፣ እየቆራረጡም በሳንቲም ፋንታ ይገበያዩበታል ይላል። በአዱሊስ ለተቀመጡት የውጭ ሰዎች መገበያያ ደግሞ ጥቂት የሮም ገንዘብ ይገባል። ይህን ያነበበ አንጥረኛ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ብረቱ ተቆርጦ በሚዛን ከተቀመጠ ማኅተም ባይኖርበትም ዋጋ አለው። ማኅተሙ የሚጨምርለት ነገር እምነት ነው። ሻጩ ሚዛን ማውጣት ሳያስፈልገው፣ ፊቱን አይቶ ብቻ ይቀበላል።

እንዱቢስ ሳንቲሙን ማሳተም የጀመረው በ270 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው ተብሎ ይገመታል። ይህ ዘመን በሮም ግዛት ውስጥ ለነበሩት ከተሞች ክፉ ዘመን ነበር። በሶርያ፣ በዓረብ ግዛትና በታናሽ እስያ ያሉ እንደ አንጾኪያና ቦስትራ ያሉ ከተሞች ለመንደር ገበያ የሚሆን የነሐስ ሳንቲም በየራሳቸው ስም ያሳትሙ ነበር። በአንድ በኩል የቄሣሩ ፊት፣ በሌላው የከተማው ጣዖት፣ ቤተ መቅደስ ወይም ሌላ ምልክት ይቀመጣል። ወርቅ ማሳተም ግን የቄሣሩ ብቻ መብት ነበር፤ የትኛውም የግዛት ከተማ አይሞክረውም። ጦርነትና የዋጋ ንረት ግዛቱን ባናወጠበት በዚያ በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ እነዚያ ከተሞች አንድ በአንድ ማተማቸውን ተዉ። የእስክንድርያ ማተሚያም ከቄሣሩ ዲዮቅልጥያኖስ የገንዘብ ለውጥ በኋላ የግብጽን የተለየ ሳንቲም አቆመ። አክሱም የጀመረችው እነሱ በሚዘጉበት ሰዓት ነው፤ የጀመረችውም ከነሐስ ሳይሆን ከወርቅና ከብር ነው።

ለዚህ ነው አክሱምን ከሮም የግዛት ከተሞች ጋር በአንድ መደብ ማስቀመጥ ስሕተት ነው የምለው። የእንዱቢስ ወርቅ ከሮም የወርቅ ሳንቲም ግማሽ ያህል እንዲመዝን ተደርጎ የተሠራ ነው። ሁለት የአክሱም ወርቅ ይዞ አዱሊስ ላይ የቆመ ነጋዴ ከአንድ የሮም ወርቅ ጋር ያለ ብዙ ክርክር ይመነዝራል ማለት ነው። ሚዛኑ ከሮም ጋር ይስማማል፣ ፊቱ ግን የአክሱም ንጉሥ ፊት ነው። በዚያ ዘመን በስሙ ወርቅ የሚያሳትም መንግሥት በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ሮም፣ ፋርስ፣ በሕንድ ሰሜን የነበሩት ኩሻኖች። በዚያው በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ፋርሳዊው የሃይማኖት መሪ ማኒ የዓለምን አራት ታላላቅ መንግሥታት ሲቆጥር ከሮምና ከፋርስ ጋር አክሱምን አስገብቷል ይባላል። ሳንቲሙን ያየ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም።

ወደ ሥራው ልግባ።

ሳንቲም በጥንት ዘመን የሚታተመው በእጅ ነው። ታችኛው ማተሚያ ብረት በመስፍ ላይ ይተከላል፤ ላይኛውን ሠራተኛው በእጁ ይይዛል፤ በመካከላቸው የተመዘነው ክብ ወርቅ ወይም ብር ይገባል፤ ከዚያ መዶሻ ያርፍበታል። ስሙና ፊቱ በማተሚያው ላይ ተገልብጠው መቀረጽ አለባቸው። የጣት ቀለበት ላይ ስም የጻፈ ሰው ይህን ችግር ያውቀዋል፤ እነሱ ግን 15 ሚሊሜትር ገደማ በሆነ ክብ ውስጥ የንጉሡን ዘውድ፣ የጸጉሩን ሽሩባ፣ የራስ መሸፈኛውን እጥፋትና ከሃያ በላይ ፊደል አስገብተዋል። አፊላስ የተባለው ንጉሥ በወርቁ ላይ በአንድ ፊት ዘውድ ጭኖ፣ በሌላው ፊት ደግሞ ሻሽ ጠምጥሞ ተቀርጿል። ከእሱ በኋላ የመጡት ነገሥታት በወርቅ ላይ ይህንኑ ወግ ተከተሉ። አፊላስ ከሙሉው ወርቅ በታች ትንንሽ ክፋዮችንም ያሳተመ ነው፤ ይህም ወርቅ ከትልቅ ነጋዴ እጅ ወጥቶ ለትንሽ ግዢም እንዲውል የፈለገ ሰው ሥራ ይመስለኛል።

በጥንቱ ዓለም በሌላ አገር ሳንቲም ላይ የማይታይ፣ የአክሱም ብቻ የሆነ ሥራ አለ። ከአፊላስ ዘመን ጀምሮ በብር ሳንቲሞቻቸው፣ በኋላም በነሐሶቹ ላይ፣ አንዲት ትንሽ ቦታ እየመረጡ በወርቅ ይለብጡ ነበር። ብሩ ላይ ብዙ ጊዜ ከንጉሡ ራስ ጀርባ ያለው ቦታ ይለበጣል፤ ሲያዩት ንጉሡ በብርሃን ውስጥ የቆመ ይመስላል። ነሐሱ ላይ የመስቀሉ መሃል ይለበጣል። የሙያ ባልንጀሮቼ ይህን ልብ ብለው እንዲያስቡት እፈልጋለሁ። ሙሉውን ሳንቲም መለበጥ ቀላል ነው፤ ይነከራል፣ ይቀባል፣ ይወለወላል። ከአንዲት ጠባብ ቦታ ሳይወጡ፣ የፊቱን መስመር ሳያበላሹ፣ አንድ በአንድ በሺህ የሚቆጠር ሳንቲም መለበጥ ግን ዓይን የሚያጠፋ ሥራ ነው። በነሐስ ላይ የፈሰሰው ድካም ከነሐሱ ዋጋ ሳይበልጥ አይቀርም። ሂሳብ ያዥ ቢጠየቅ ኪሳራ ነው ይላል። እኔ ግን የአገር ገንዘብ ከደሃው እጅም ሲገባ እንዲያምር የፈለገ መንግሥት ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ወርቁን ነጋዴው ይይዘዋል፣ ነሐሱን የሚይዘው ቅቤና እህል የሚሸጠው ሰው ነው።

ቋንቋውም በዚሁ ተከፋፍሏል። ወርቁ ወደ ባሕሩ ስለሚሄድ እስከ መጨረሻው ድረስ ማለት ይቻላል በግሪክኛ ተጻፈ። ወዘባ የሚባለው ንጉሥ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ በሳንቲሞቹ ላይ በግእዝ አስጻፈ፤ አናባቢ የሌለው፣ ተነባቢው ብቻ የተደረደረ የጥንቱ ግእዝ ነው። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብሩና ነሐሱ በአብዛኛው ወደ ግእዝ ተመለሱ። በወርቁ ላይ ያለው ግሪክኛ ደግሞ ጊዜ በገፋ ቁጥር እየተበላሸ ሄደ። ፊደሎቹ ይዘባረቃሉ፣ ይገለበጣሉ፣ ይጎድላሉ። ቀራጩ የማያነበውን ጽሑፍ ከአሮጌ ሳንቲም ላይ በዓይኑ እየተከተለ እንደቀዳ በግልጽ ይታያል። እኔም ደንበኛ በማላውቀው ቋንቋ ጽሑፍ ይዞልኝ ሲመጣ መስመሩን እየተከተልኩ እቀርጻለሁና የዚያ ሰው ድካም ይገባኛል።

በኢዛና ዘመን የሆነው ለውጥ ከሁሉ ይበልጣል። የኢዛና የመጀመሪያ ሳንቲሞች እንደ አባቶቹ ጨረቃና ክብ አሉባቸው። በ330ዎቹ እ.ኤ.አ. ገደማ ንጉሡ በፍሬምናጦስ፣ በእኛው አጠራር በአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ እጅ ክርስትናን ሲቀበል ጨረቃውና ክቡ ተነሥተው መስቀል ተተካ። መስቀልን ዋና ምልክታቸው አድርገው ሳንቲም ላይ ካስቀረጹት ከመጀመሪያዎቹ የዓለም ነገሥታት አንዱ ኢዛና ነው። ክብደቱም በዚሁ ዘመን ተለወጠ። ቆስጠንጢኖስ በሮም 4.5 ግራም ገደማ የሚመዝን አዲስ የወርቅ ሳንቲም ሲያወጣ አክሱምም የራሷን ወርቅ ወደ 1.6 ግራም ገደማ አወረደች። ንጉሡ የሮምን ገበያ ምን ያህል በቅርብ ይከታተል እንደነበር የማየው በዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ የታተመ አንድ የነሐስ ሳንቲም አለ፤ ከሁሉ ይልቅ የምወደው እሱን ነው። የንጉሡ ስም የለበትም። በአንዱ ፊት «ንጉሥ» ብቻ ይላል፤ በሌላው ፊት በመስቀል ዙሪያ በግሪክኛ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» ተብሎ ተጽፏል። ይህ ነሐስ በብዛት የተገኘ ነው፤ ከአክሱም አፈር አልፎ በግብጽና በፍልስጤም ምድር ሳይቀር ወጥቷል፤ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም የተነሡ ሰዎች ይዘውት ሄደው ሊሆን ይችላል። በሮም ሳንቲሞች ላይ ድል፣ ኃያልነት፣ ዘላለማዊነት ተጽፎ ይታያል። የአክሱም ነገሥታት ግን በሕዝቡ ዘንድ ስለ መወደድና ስለ ደስታ ደጋግመው አስጽፈዋል። መሐድይስ ለየት ብሎ፣ የቆስጠንጢኖስን ቃል በመከተል፣ በዚህ መስቀል ድል ስለ ማድረግ አስጻፈ። በመጨረሻዎቹ ዘመናት የነገሠው አርማህ በዙፋኑ ላይ ሙሉ ቁመናው ተቀርጾ፣ በጀርባው «ፍሥሓ ለይኩን ለአሕዛብ» ብሎ አስጻፈ። ለሕዝቡ ደስታ ይሁን ማለት ነው።

ወርቁ ከየት ይመጣ ነበር? በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዱሊስን ያየው ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ ነግሮናል። የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ ሰዎቹን ሳሱ ወደሚባል የወርቅ አገር ይልካል። ከነጋዴ ጋር ተደምረው ከ500 በላይ ሰው ይሆናሉ። በሬ ይነዳሉ፣ አሞሌ ጨውና ብረት ይጭናሉ። እዚያ ሲደርሱ እሾህ ያጥራሉ፤ በሬውን አርደው ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን በእሾሁ ላይ ያኖሩታል። የአገሩ ሰዎች ይመጡና በፈለጉት ላይ የወርቅ ፍሬ አስቀምጠው ዞር ይላሉ። ባለ ዕቃው ወርቁ ከበቃው ያነሣል፤ ካልበቃው ይተወዋል፣ ያም ጨምሮ ይመጣል ወይም ወርቁን አንሥቶ ይሄዳል። ቋንቋ ለቋንቋ ሳይግባቡ እንዲህ ይገበያያሉ። መንገዱ ደርሶ መልስ ስድስት ወር ይፈጃል። የንጉሡ ፊት ያለበት ያ ትንሽ ወርቅ ከመታተሙ በፊት ይህን ሁሉ አልፎ ነው የመጣው።

ኮስማስ ሌላም ታሪክ አለው። ሶጳጥሮስ የሚባል ነጋዴ ከአዱሊስ ሰዎች ጋር ሴሎን፣ የዛሬዋ ስሪ ላንካ፣ ይደርሳል። የፋርስ ሰዎችም በዚያው ሰዓት ደርሰዋል። የአገሩ ንጉሥ ከእናንተ የማን ንጉሥ ይበልጣል ሲል ይጠይቃል። ፋርሳዊው ብዙ ተናገረ። ሶጳጥሮስ ዝም ብሎ ቆየና ሁለቱም ነገሥታት እዚህ አሉ፣ ራስህ መርምር አለው፤ የሮምን ወርቅና የፋርስን ብር አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጠ። ንጉሡ አገላብጦ አይቶ ለወርቁ ፈረደ። ንጉሥ በሩቅ አገር በሳንቲሙ ይመዘን እንደነበር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። አክሱማውያንም ወርቃቸውን ሲያሳትሙ ያሰቡት ይህን ዓይነት ፍርድ ነው።

ንግዱ ምን ያህል ይርቅ እንደነበር አፈሩ ራሱ መስክሯል። በኤርትራ መጠራ በተደረገው ቁፋሮ በነሐስ ዕቃ ውስጥ ከሌላ የወርቅ ጌጥ ጋር የሮም ቄሣሮች የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል፤ ለአንገት ጌጥ እንዲሆኑ ተደርገው የተሠሩ። በደብረ ዳሞ መቶ ያህል የኩሻን የወርቅ ሳንቲም ወጥቷል፤ ከሕንድ ሰሜን የመጣ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በየመን አል መዳሪባ በሚባል ቦታ የተገኘው ነው፤ 868 የሮም ወርቅና 326 የአክሱም ወርቅ በአንድ ላይ። አክሱም ውስጥ ወርቁ እምብዛም አይገኝም፣ ብሩና ነሐሱ ነው የሚበዛው። ወርቁ የተሠራው ለባሕር ማዶ ነው የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። ካሌብ በ525 እ.ኤ.አ. ባሕር ተሻግሮ በየመን የነበረውን የሒምያርን መንግሥት ሲያሸንፍም ሠራዊትና ገንዘብ አብረው ተሻግረዋል። በወርቁ ላይ የአባቱን ስም ጨምሮ የተዜና ልጅ ካሌብ ብሎ አስጽፏል።

መጨረሻው እንደ አጀማመሩ አላማረም። የመጀመሪያዎቹ ነገሥታት ወርቅ ከ90 በመቶ በላይ ንጹህ ነበር። እያደር ሌላ ብረት እየተቀላቀለበት ወረደ። ፋርሶች በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ የመንን ያዙ፤ በቀይ ባሕር የነበረው ንግድ ከአክሱም እጅ ወጣ፤ በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ማተሚያው ዝም አለ። ካራቱ ሲወርድ ያየ አንጥረኛ ቤቱ እየደኸየ መሆኑን ለማወቅ ሌላ ታሪክ አያስፈልገውም።

ከዚያ በኋላ በአንድ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ስም ሳንቲም እስኪታተም ከ1,200 ዓመታት በላይ አለፉ። በሐረር አሚሮቹ የራሳቸውን ትንንሽ ሳንቲም አሳትመዋል፤ በቀረው አገር ግን ላሊበላም ሲፈለፈል፣ ጎንደርም ሲገነባ የንጉሥ ፊት ያለበት ገንዘብ አልነበረም። አሞሌ ነበር። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በአገሩ ሁሉ ጨው እንደ ገንዘብ እንደሚሄድና ከተቆረጠበት ስፍራ በራቀ ቁጥር እንደሚወደድ ጽፏል።

በእኛ አካባቢ የሚታወቀው አሮጌ ገንዘብ ማርትሬዛ ነው፤ ጠገራ ብር። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ፊት አለበት፤ ከሞተችበት ከ1780 እ.ኤ.አ. በኋላ የታተመው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ወጥቷል። 28.07 ግራም ይመዝናል፣ 83.3 በመቶው ንጹህ ብር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በፓሪስ አሳትመው 1887 ዓ.ም. የተጻፈበትን የራሳቸውን ብር ቢያወጡም ገበያው የለመደውን ጠገራ በቶሎ አልለቀቀም። በእኛው በሶዶ አካባቢ ቤቶች ጠገራ ከአያት ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ሀብት ሆኖ ኖሯል። ክርስቲያኑ የአንገት መስቀል፣ ሙስሊሙም የእጅ አምባር አሠርቶበታል። የአገራችን ብር አንጥረኛ ዋና ጥሬ ዕቃ ለብዙ ዘመን ይኸው ጠገራ ነበር።

አሁንም ወደ ሱቄ ይዘውት ይመጣሉ። አንድ ወጣት በቅርቡ ከአያቱ የወረሰውን አመጣና «ጋሼ፣ ይህን አቅልጠህ ለሙሽራዬ ቀለበት አድርግልኝ» አለኝ። ቀለበቱን ከሌላ ብር ሠራሁለትና ጠገራውን መለስኩለት። «አያትህ የነኩት ይኸው አንድ ነገር ነው፤ ቀለበት ሁልጊዜ ይገኛል» አልኩት። ይህን የምለው ማርትሬዛ ብርቅ ስለሆነ አይደለም፣ በሚሊዮን ታትሟል። የማቅለጥ ልማድ ግን አይቶ የሚለይ አይደለም። ዛሬ ጠገራውን የሚያቀልጥ እጅ ነገ አንድ ገበሬ ከማሳው ያነሣውን፣ ስሙ ያልተነበበ ንጉሥ ያለበትን ብርም ያቀልጠዋል። ሰሜን ኢትዮጵያ ውስጥ ዝናብ አፈሩን ባጠበ ቁጥር ሳንቲም ይወጣል፤ ስንቱ ወደ ሙዚየም እንደሚደርስ፣ ስንቱ ደግሞ በቱሪስት ኪስ ወጥቶ በውጭ አገር ጨረታ ላይ እንደሚሸጥ የሚያይ ሰው ሁሉ ሊያዝን ይገባል። ሳንቲሙ የት እንደተገኘ ካልታወቀ ግማሹ ታሪኩ ይጠፋል። ወርቁ ለባሕር ማዶ እንደተሠራ ያወቅነው የብዙዎቹ መገኛ ስፍራ ስለተመዘገበ ነው።

እኛ የቡኢ ሰዎች ይህ ለአክሱም ሰዎች የቀረበ ጉዳይ ነው ብለን ልንተወው አይገባም። ከከተማችን በስተሰሜን በዚሁ አስፋልት ላይ ጢያ አለ። 36 ትክል ድንጋዮች፣ 32ቱ ቅርጽ ያለባቸው። ጢያና አክሱም በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት በአንድ ዓመት፣ በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። በጢያ ድንጋዮች ላይ ሰይፍ አለ፣ ሌላም ብዙ ምልክት አለ። ከሥራቸው የተቆፈሩት መቃብሮች ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሆኑ፣ ከተቀበሩትም ብዙዎቹ ወጣቶች እንደሆኑ ተመራማሪዎች ደርሰውበታል። ስም ግን አልተጻፈም። የጢያን ጀግኖች ማንነት የሚነግረን አንዲት የተጻፈባት ብር ብትገኝ ምን ያህል እንደምትረዳን አስቡት። የአክሱም ልጆች ያቺን ብር አግኝተዋታል።

ስለዚህ ለሙያ ጓደኞቼ፣ ከቡኢ እስከ ቡታጅራና ወልቂጤ፣ ከፒያሳ እስከ መርካቶ ላላችሁ አንጥረኞች ይህን እላለሁ። ፊት ወይም ፊደል ያለበት የማታውቁት አሮጌ ብር፣ ወርቅ ወይም ነሐስ ሲመጣላችሁ እሳት አታስነኩት። በአሲድም፣ በሎሚም፣ በአመድም አታጽዱት፤ ዝገቱ ከነፊደሉ ይነሣል። ላመጣው ሰው የት፣ ከምን ጋር፣ በምን ያህል ጥልቀት እንዳገኘው ጠይቁትና ጻፉለት። መሠረት ስትቆፍሩ፣ ጉድጓድ ስታወጡ፣ ማሳ ስታርሱ ያገኛችሁ ሁሉ ደግሞ ሳትነካኩ ለወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስታውቁ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 በድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ማስታወቅ እንዳለበት ይደነግጋል።